የሹፌር ሆድ

ስሟ ሐር አይደለም። ሐር ያሏት የምትነዳው የከተማ አውቶቡስ ተሳፋሪዎች ናቸው። ፍሬን ስትይዝ የቆመ ሰው አይንገዳገድም፤ ስትታጠፍ የማንም ቦርሳ ከጭኑ ላይ አይንሸራተትም። አንድ ቀን አንዲት እናት «የተኛ ልጅ ይዤ ወጣሁ፣ የተኛ ልጅ ይዤ ወረድኩ፤ ይቺ ልጅ ሐር ናት» ብለው መረቋት፤ ስሙም በዚያው ጸና።

አንድ የድልድይ መሐንዲስም በፍቅሯ የተያዘው በዚያው አውቶቡስ ላይ ነው። መኪናው ተበላሽታ ጋራዥ ገብታ ነበር። ከጋራዥ ከወጣች በኋላም ትኬት መቁረጡን አልተወም። ከሹፌሯ ጀርባ ባለችው ወንበር እየተቀመጠ ውስጠኛውን መስታወት ያያል፤ እሷም መንገዱን አይታ ስትጨርስ መስታወቱን ታያለች። ፍቅራቸው በመስታወት ተጀመረ፤ ፊት ለፊት ለመተያየት ድፍረት ያገኙት ዘግይተው ነው።

እናቱ ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰፈሩ ሁሉ «ዳኛዋ» እያለ የሚጠራቸው ሴት ናቸው። ወሬውን ሲሰሙ «ልጄ ድልድይ ይሠራል፤ እሷ ድልድይ ላይ ታልፋለች። የሚያገናኛቸው ይኸው ነው» አሉ። አነጋገሩ ከአፍ ወደ አፍ ዞሮ ሐር ጆሮ ገባ። ሐር ስቃ አለፈችው፤ ያመማትን ግን አልረሳችውም።

ከዚያ ሌላው ሕመም መጣ። ጎኗን ይጠዘጥዛት የነበረው ነገር የኩላሊት ካንሰር ሆኖ ተገኘ። አንዱ ኩላሊቷ ወጣ፤ ፍንጣሪው ግን ቀድሞ ሳንባዋ ላይ ደርሶ ነበር። ያኔ ነው ሐኪሞቹ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃ መድኃኒት በመርፌ የጀመሩላት። መሐንዲሱ አልሸሸም። ዳኛዋም አልመጡም።

ዛሬ መሐንዲሱ ለመጀመሪያ ጊዜ መርፌ ክፍሉ ድረስ አብሯት ገባ። የደንብ ልብስ ጃኬቷን እንደ ሕፃን ልጅ በሁለት እጁ ታቅፎ፣ ከግድግዳው ጥግ ቆመ።

«ይህ ነው ኢንጂነሩ?» አለች ሲስተር ጓንቷን እየሳበች። ሲስተር ጠና ያለች፣ እጇ ፈጣን አነጋገሯ ዝግ ያለ ሴት ናት።

«ይህ ነው» አለች ሐር። «አትውጊው እንጂ ሌላውን እንደፈለግሽ አድርጊው።»

«እንኳን መጣህ። ጥያቄውን አንተም ስማው፤ ቤት ስትገቡ የምትጠይቃት አንተ ነህ።» ወደ እሱ ዞረች። «ይህ መድኃኒት እንደ ኬሞ ካንሰሩን ራሱን አይመታም። ካንሰር ተንኮለኛ ነው፤ የሰውነትን ዘበኛ አባብሎ ያስተኛዋል። እኛ ዘበኛውን ነው የምንቀሰቅሰው። ችግሩ፣ ደንግጦ የነቃ ዘበኛ አንዳንዴ ሌባውን ከቤቱ ልጅ አይለይም። ሳንባ ላይ ሊነሳ ይችላል፤ አንጀት ላይ፣ ጉበት ላይ፣ ቆዳ ላይ፣ አንገት ሥር ባለችው ዕጢ ላይ። ቶሎ ከሰማን እናበርደዋለን። ከዘገየ ቤቱን ያፈርሰዋል።»

«መቼ ነው የሚነሳው?» አለ መሐንዲሱ። የድልድይ ሰው ነው፤ ስንጥቅ መቼ እንደሚመጣ ማወቅ ይወዳል።

«ቀጠሮ አይዝም። ዛሬም ሊሆን ይችላል፤ መርፌው ካለቀ ከወራት በኋላም።» ከዚያ ወደ ሐር ተመለሰች። «ከመውጋቴ በፊት ንገሪኝ። ሳል?»

«የለም።»

«ትንፋሽ ማጠር? የዓይን መቅላት? የዓይንሽ ነጭ ወይም የሽንትሽ ቀለም አልተለወጠም? ከባድ ራስ ምታት?»

«የለም፣ የለም፣ የለም።»

«ሽፍታ?»

«ክንዴን ያሳክከኝ ነበር። በሰጠሽኝ ቅባት ሄደ።»

«ሆድሽስ? ከወትሮው በላይ መመላለስ፣ ቁርጠት፣ ደም?»

ሐር ቀና ብላ መሐንዲሱን አየችው። ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም። ያ ዓይን አንድ ቀን መስታወት ውስጥ ያገኛት፣ ከሰው ሁሉ ለይቶ እንደ ንግሥት ያያት ዓይን ነው። በዚያ ዓይን ፊት «ያስቀምጠኛል» የምትል ሴት እንዴት ያለች ሴት ናት? ደግሞ ባለፈው የተነሣችው ፎቶ ሳንባዋ ላይ ያሉት ነጠብጣቦች ማነሳቸውን አሳይቷል። መድኃኒቱ እየሠራ ነው። አሁን ብትናገር ያቆሙባታል።

«ሆዴ ደህና ነው» አለች።

ሲስተር ትንሽ ጠበቀች፤ ከዚያ የሆዷን ቆዳ በጥጥ ጠረገች። «ባለፈው በቀኝ ነበር፤ ዛሬ በግራ ነው። ከጠባሳሽ እርቃለሁ፤ የቀላና የበለዘ ቦታም አልነካም። ከቆዳሽ ሥር ቀስ እያልኩ ነው የምገፋው፤ ደቂቃዎች ይፈጃል። ዛሬ ሹፌሯ እኔ ነኝ።»

«ቀበቶ ልሰር?»

«እሰሪ።» መርፌው ገባ። ሲስተር ፈሳሹን እየገፋች፣ ቀና ሳትል ቀጠለች። «ሌላም አለ። መድኃኒቱ ላይ እያለሽ፣ ካቆምሽም በኋላ ለወራት፣ እርግዝና አይፈቀድም። ፅንሱን ሊጎዳው ይችላል። ለሁለታችሁም ነው የምናገረው።»

መሐንዲሱ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። «እኛ ገና… እናቴ ገና ምሳ እንኳ አልጋበዘቻትም» አለ።

«አታስቀኝ፤ እጄ ይንቀጠቀጣል» አለች ሲስተር፣ ትከሻዋ እየተናጠ።

ከወጡ በኋላ፣ በሆስፒታሉ ረዥም ኮሪደር ላይ፣ መሐንዲሱ ጃኬቷን አለበሳትና አዝራሩን ራሱ ቆለፈላት። «ዛሬ ኮራሁብሽ» አለ። «እንደዚያ ፊት ለፊት፣ ምንም ሳትደብቂ።»

ሐር ፈገግ አለች። ፈገግታው ከንፈሯ ላይ ቀረ እንጂ ወደ ውስጥ አልወረደም። በዚያች ቅጽበት የተሰማት ነገር፣ ያልከፈሉበትን ወንበር ይዞ መቀመጥ ይመስል ነበር።

⁂

አባቷ የረዥም መንገድ ጭነት ሹፌር ነበሩ። መሪ ያስያዟት እሳቸው ናቸው፤ ከመሪው ጋር የሙያውን ሕግም አስተምረዋታል። «የሹፌር ሆድ የነዳጅ ጋን ነው፤ መቼ እንደሚሞላና መቼ እንደሚጎድል የሚወስነው ባለቤቱ ነው» ይሏት ነበር። ፈረቃ ከመግባት በፊት ወተት የለም፣ ውኃ የለም፤ ደረቅ ዳቦ ብቻ። ሆድ አልታዘዝ ያለ ዕለት ደግሞ ከመሪው አጠገብ ባለችው መሳቢያ የምትቀመጥ የተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን አለች። ይህን የማያደርግ ሹፌር የለም። አውቶቡስ ሙሉ ሰው መንገድ ላይ አቁሞ ወዴት ይኬዳል?

ስለዚህ፣ ከዚያ መርፌ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ሆዷ መለቀቅ ሲጀምር ሐር እንደ በሽተኛ አላሰበችውም፤ እንደ ሹፌር አሰበችው። ውኃውን ቀነሰች። ምግቡን ተወች። ክኒኗን ዋጠች። መጨረሻ ፌርማታ ላይ ባለችው፣ መቆለፊያዋ በተሰበረች መጸዳጃ ቤት፣ በሩን በእግሯ ደግፋ ተቀምጣ «ይህ የመንገድ ነገር ነው» አለች ለራሷ። ክኒኗ አንድ ቀን ትይዝላታለች፤ በማግስቱ ትለቅባታለች። ሐር ክኒኗን ጨመረች። አውቶቡሱ ግን እንደ ወትሮው ሐር ነበር፤ ተሳፋሪ አልጠረጠረም። በዚህም ኮራች፤ ክፉ ኩራት ነበር።

መሐንዲሱ በዚያ ሰሞን ምሳ መቋጠር ለምዶ ነበር። ራሱ የሚያበስለው ሩዝ ነው፤ ከሥሩ ያረረ፣ ከላዩ ያልበሰለ። ፌርማታው ላይ ወጥቶ ሳህኑን ከመቀመጫዋ ጎን ያኖርላታል።

«በኋላ እበላዋለሁ» ትለዋለች።

አንድ ቀን ሳህኑን ሊያኖር ጎንበስ ሲል የትናንቱን፣ ክዳኑ ሳይነሳ፣ እዚያው አገኘው። ከሥሩ የትናንት ወዲያው ነበር። ሁለቱን ደራርቦ ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ክዳናቸውን በጣቱ እየዳሰሰ ብዙ ፌርማታ አለፈ።

«እጄ መሮሽ ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ሙያህ አያስኮራም፤ እውነቱን ልንገርህ።»

አልሳቀም። «ያልፈለግሽው ምግቡን ነው ወይስ አምጪውን?»

«ከሹፌር ጋር መነጋገር ክልክል ነው ይላል ጽሑፉ። በላይህ ነው፤ አንብበው።»

ሐር ይህን ያለችው ቁርጠቷ በመጣበት ሰዓት ነው። ጥርሷን ነክሳ ስለተናገረች ቃሉ ከአፏ ስለት ሆኖ ወጣ። መሐንዲሱ መስታወቱን አየ፤ እሷ ግን ላብ ያወረዛውን ፊቷን እንዳያይባት ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም። በፍቅራቸው ታሪክ መስታወቱ ባዶ ሆኖ ሲቀር ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ሊወርድ በሩ ላይ ቆሞ «እማዬ እሑድ ምሳ ጋብዛሻለች» አለ። «ራሷ ናት ያለችው። እኔ አልለመንኳትም። ልንገራት ወይስ ሥራ አለኝ ልበልላት?»

«እመጣለሁ» አለች።

ድምፁ ውስጥ ደስታ ስትፈልግ ያገኘችው ጥርጣሬ ብቻ ነበር። አምኗት ሳይሆን ፈርቷት ወረደ። ሐርም በሩን ዘግታ ስትነዳ፣ የሚወዳት ሰው ሲፈራት ማየት ከመርፌም ከቢላም እንደሚብስ አወቀች።

⁂

የዳኛዋ መመገቢያ ክፍል ጠረጴዛ ረዥም ነው። በአንድ በኩል ቆዳ ጀርባ መጻሕፍት፣ በሌላው በኩል ካባ ለብሰው የተነሡት ፎቶ። ምሳውን ራሳቸው ነበሩ የሠሩት፤ ሾርባ፣ ሩዝ፣ በምድጃ የተጠበሰ ዶሮ። ልጃቸው እንኳ በገዛ እጃቸው የሠሩትን የበላበትን ቀን ማስታወስ አልቻለም። የጠረጴዛው ልብስ ነጭ ነበር፤ ሐር ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ነጭነቱን ፈራችው።

«ይቀመጡ» አሏት ዳኛዋ። ለልጃቸው ዕድሜ እኩያ «እርስዎ» ማለታቸው አክብሮት አልነበረም፤ ከጠረጴዛው የረዘመ ሌላ ጠረጴዛ ነበር።

ሐር ከማለዳ ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። ክኒኗን ግን ከልማዷ አብልጣ ወስዳለች። ሾርባው ቀረበ፤ ማንኪያውን አነሳች፤ ሆዷ ታጠፈ። «ይቅርታ» ብላ ተነሣች። ተመለሰች። ዶሮው ተቆረሰላት። «ይቅርታ» ብላ ተነሣች። ተመለሰች። መሐንዲሱ ሳህኑን ብቻ ያያል። ለሦስተኛ ጊዜ ስትነሣ ዳኛዋ ሹካቸውን አኖሩ።

መታጠቢያ ቤቱ ቅርብ ነበርና ድምፃቸው በበሩ ሥር ገባ።

«ልጄ፣ የቤታችን መታጠቢያ ቤት ከእኛ ይልቅ ተጫዋች ነው መሰለኝ።»

«እማዬ፣ እባክሽ።»

«አልተሳደብኩም። ጠዋት ተነሥቼ ሽንኩርት የከተፍኩ ሰው ነኝ፤ የመጠየቅ መብት አለኝ። አንድ ማንኪያ አልቀመሰችም። የሚንቁኝን ሰዎች ሳይሆን የሚፈሩኝን ነው የማውቀው፤ ይቺ ግን…»

«የኔንም አትበላም» አለ ልጃቸው። ድምፁ የተሸነፈ ሰው ድምፅ ነበር። «ከእኔ ጋር መለያየት ፈልጋ መናገር አቅቷት ይሆናል።»

ሐር ይህን ስትሰማ ዝቅ ብላ አየች። ደም ነበር።

የገንዳውን ጠርዝ ይዛ ተቀመጠች።  ሲስተር ስለ ዘበኛው ያለችው ትዝ አላት፤ ግን ልቧን የመታው እሱ አልነበረም። የሙያዋ ነገር ነው የመታት። የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥ ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ የሚነዳ ሹፌር ብታይ ምን ትለው ነበር? መሪውን ትነጥቀው ነበር። እሷ ለሳምንታት ያደረገችው ይኸው ነው። ክኒን በክኒን ላይ እየደራረበች፣ የሰውነቷን ጩኸት በሬዲዮ ስትሸፍን ከረመች። ያም ሆኖ ራሷን ጎበዝ ሹፌር እያለች።

ፊቷን ታጠበች። ወጣች። አልተቀመጠችም፤ ከወንበሯ ጀርባ ቆመች።

«እርስዎ ዳኛ ነዎት» አለች። «ቃሌን ይቀበሉኝ።»

ዳኛዋ ቀና አሉ።

«ምግብዎን ንቄ አይደለም። ያስቀምጠኛል።» ቃሉ በነጩ ጠረጴዛ ልብስ ላይ ወደቀ፤ ማንም አላነሣውም። «ሳምንታት ሆኖኛል። እንደ ሹፌር ልማዴ ሳልበላ፣ ሳልጠጣ፣ በማቆሚያ ክኒን እየያዝኩት ነበር። ለሲስተሯ ደህና ነኝ ብዬ ዋሸሁ። ለልጅዎም። መድኃኒቱን ያቆሙብኛል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ በላይ ግን አፈርኩ፤ በእሱ ፊት እንደዚህ ያለ ነገር መናገር አፈርኩ። አሁን ደም አየሁ። ይህ የምግብ ነገር አይደለም፤ መድኃኒቱ ያነቃው ዘበኛ አንጀቴ ላይ ተነሥቷል ማለት ነው። ሆስፒታል ልሂድ። ምሳዎን ስላበላሸሁ ይቅርታ።»

መሐንዲሱ ሲነሣ ወንበሩ ወደቀ።  ዓይኑ ውስጥ ለሳምንታት የራቃት ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ተመልሶ መጣ፤ እንባ ሆኖ። ሐርም ያንን እንባ አይታ፣ በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ ተራቁታ እንደማታውቅ፣ እንደዚያች ደቂቃም ቀልሏት እንደማያውቅ ተሰማት።

⁂

ከቦርሳዋ የመድኃኒቷ ስም የተጻፈበትን የሆስፒታል ካርድ አውጥታ፣ ላዩ ላይ ወዳለው ስልክ የደወለችው ራሷ ናት። ያነሣው ሰው ሁለት ነገር ብቻ አላት፦ ያቺን ክኒን ዳግም እንዳትውጪ፤ ነገን ሳትጠብቂ አሁን ነይ።

መኪናውን የያዘው መሐንዲሱ ነው። ክላቹን ቶሎ ለቀቀውና ሞተሩ ጠፋበት። አስነሣው፤ ደግሞ ጠፋ።

«ክላቹን ቀስ ብለህ ልቀቀው» አለች ሐር ከኋላ ወንበር። «አዎ። አሁን ትንሽ ነዳጅ። ሁለተኛ አስገባ። አትቸኩል፤ መንገዱ የትም አይሄድብህም።»

ዳኛዋ ከጎኗ ገብተው ነበር። ማንም ሳይጠይቃቸው ጭንቅላቷን ስበው ጭናቸው ላይ አሳረፉት።

«አንቺ ልጅ» አሉ። በመካከላቸው የነበረው የ«እርስዎ» ጠረጴዛ ተነሥቶ ነበር። «ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲዋሽ ስሰማ ኖሬአለሁ። ባለሥልጣን ዋሽቶኛል፤ ሌባ ዋሽቶኛል፤ መሐላ አስምዬው የዋሸኝ ቄስም አለ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። አንቺ ግን ብቅልም ሳይገባ፣ በሚወድሽ ሰው ፊት፣ በማትወድሽ ሴት ፊት፣ በራስሽ ላይ መሰከርሽ። እንዲህ ያለ ቃል ችሎቴ ላይ አልሰማሁም።»

«አይወዱኝም ነበር እንዴ?»

«እየመሰከርኩ ነው፤ አታቋርጪኝ።»

ድንገተኛ ክፍል የነበረው ወጣት ሐኪም አያውቃትም። ሥራ ያደከመው ልጅ ነው፤ ሆዷን ነካ ነካ አድርጎ «የምግብ መመረዝ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ ምን በላሽ?» አላት።

«ምንም አልበላችም» አሉ ዳኛዋ። «የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ምስክሯም እኔ ነኝ።»

ሐር ካርዷን ዘረጋችለት። «ወንድሜ፣ ኬሞ አይደለም የምወስደው። የሰውነቴን መከላከያ የሚያነቃ መርፌ ነው። የካንሰር ሐኪሜ ሳትሰማ ምንም እንዳይጀመርልኝ። ስልኳ ከጀርባው አለ።»

ሐኪሙ ካርዱን አንብቦ ፊቱ ተለወጠ፤ ስልኩን አነሣ። መሐንዲሱ በዚህ መሐል እጇን ይዞ ነበር።  መዳፉ ይተኩሳል። በዚያ ሙቀት ውስጥ ሐር ፍርሃትን እንደ ሻንጣ ለሁለት ይዘው መሄድ ምን ያህል እንደሚያቀል ተማረች።

⁂

የሐር ግምት ተረጋገጠ። አንጀቷ ውስጡ ተቆጥቷል፤ የተቆጣውም በራሷ ዘበኛ ነው። ቁጣውን የሚያበርድ ከባድ ስቴሮይድ በደም ሥሯ ተሰጣት፤ ሲበርድ ወደ ክኒን ተለወጠ። የካንሰር ዶክተሯ ክኒኑ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ እንደሚቀነስ፣ «ተሻለኝ» ብላ በድንገት እንዳታቆመው አስጠነቀቀቻት። የካንሰሩ መርፌ ለጊዜው ቆሟል። ይመለሳል ወይስ ሌላ ይፈለጋል የሚለውን ቀጣዩ ፎቶና የአንጀቷ ነገር ይወስናሉ።

«ስለዚህ የፈራሁት ደረሰ» አለች ሐር።

«የፈራሽው የደረሰው ስለተናገርሽ አይደለም፤ ስለዘገየሽ ነው» አለች ዶክተሯ። «ቀደም ብለሽ ብትነግሪን በትንሹ ይበርድ ነበር፤ መርፌውም ከአንድ ሁለት ቀጠሮ በላይ ላይቋረጥ ይችል ነበር። አሁን አላውቅም ነው የምልሽ። ግን የነቃ ዘበኛ መርፌ ስላቆምን ብቻ ተመልሶ አይተኛም፤ መድኃኒቱ ቆሞም ካንሰሩ ጸጥ ያለላቸው አሉ።»

ሲስተር ደግሞ ወገቧን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ቆመች። «ሆዴ ደህና ነው ያልሽኝ ሆድ ይሄ ነው? ስለ በሽታና ስለ መደበቅ የሚባለውን ተረት አልተርትብሽም፤ ታውቂዋለሽ።» ከዚያ ጎንበስ ብላ ሳመቻት።

ክፍሉ ጸጥ ሲል መሐንዲሱ ወንበሩን አስጠጋ።

«ለምን ደበቅሽኝ?»

«አንተ ብትሆን በምትወዳት ሴት ፊት ትናገረው ነበር?»

አሰበ። ውሸት የማይችል ሰው ነው። «አልናገረውም ነበር» አለ።

«አየህ።»

«ከዛሬ ጀምሮ ግን እናገረዋለሁ። አንቺም ትነግሪኛለሽ። ጠዋት ተነሥቼ የመጀመሪያው ቃሌ ሳልሽ ነው፣ ትንፋሽሽ ነው፣ ሆድሽ ነው። ሌላ ሰው ለፍቅረኛው ስለ ጨረቃ ያወራል።»

«አንተ ስለ ጨረቃ አታውቅም።»

«አላውቅም። ስለ ሆድሽ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ» አለ። ሐር ግንባሩን በግንባሯ ነካችው። ምንም ያህል ቆንጆ ቃል ቢነገራት እንደዚህ ልቧን አይነካትም ነበር።

አባቷ ከሰዓት በኋላ መጡ፤ ቆባቸውን በእጃቸው እያሹ። ዳኛዋን አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ስላዩ ከበሩ ላይ ቆሙ። «ያቺን ክኒን ያስለመድኳት እኔ ነኝ» አሉ፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳያውቁ።

ዳኛዋ ተነሥተው ወንበራቸውን ለቀቁላቸው። «ወንድሜ፣ መንዳትንም ያስተማሯት እርስዎ ነዎት። ልጄን ቅዳሜ ሳይቀር አውቶቡስ ላይ የሰቀለው ያ ነው። አንዱን በአንዱ እናቻችለው።»

የዳኛዋ የቀድሞ የሥራ ባልደረባ፣ ሽበታም ጠበቃ፣ በኮሪደሩ ሲያልፉ አይተዋቸው ገቡ። ሐርን ከእግር እስከ ራስ አይተው «ዘመድ ናት?» አሉ።

«ምራቴ ናት።»

 ለልጃቸውም ቢሆን አዲስ ወሬ ነበር።

«ምን ትሠራለች?»

«የከተማ አውቶቡስ ትነዳለች። በእሷ አውቶቡስ ሄደህ ታውቃለህ? አታውቅም። ብዙ ነገር ቀርቶብሃል» አሉ ዳኛዋ፤ አንገታቸውን ፎቶው ላይ እንዳለው ቀና አድርገው። ሐር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ሰው ሲኮራብሽ ፊትሽን የት እንደምታደርጊው የሚያስተምር መንጃ ፈቃድ የለም።

⁂

የወጣችበት ዕለት ሲስተር ኮሪደሩ ላይ አቆመቻት። መርፌ ክፍሉ በር ላይ ግንበኛ የሚመስል ሰው፣ ትከሻው በሩን የሚሞላ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ ጭኖ ተቀምጧል። ሚስቱ ከጎኑ ቦርሳውን ይዛለች።

«የመጀመሪያውን ዛሬ ይወስዳል» አለች ሲስተር። «የነገርኩትን ሁሉ እሺ እሺ ብሎኛል። እሺታውን አልወደድኩትም። አንድ ቃል በይለት።»

የካንሰር ክፍሉ ኮሪደር በሰው ተሞልቶ ነበር። አባቷ አሉ። ዳኛዋ አሉ። መሐንዲሱ ጃኬቷን ይዞ አለ። ድሮ ቢሆን ጎንበስ ብላ በጆሮው ታንሾካሹክለት ነበር።

ሐር ፊት ለፊቱ ቆመች። «ወንድሜ፣ መድኃኒቱ ጥሩ ነው፤ እኔንም እስካሁን ያቆመኝ እሱ ነው። ግን የሰውነትህን መከላከያ ያነቃል፤ የነቃውም ነገር አንተኑ ሊነካ ይችላል። ካሳለህ፣ ትንፋሽ ካጠረህ፣ ቆዳህ ካሳከከህ፣ ከልክ በላይ ከደከመህ ተናገር። ሆድህ ከተለቀቀ በዚያው ቀን ደውል። የሰፈር ክኒን እንዳትውጥ። ካርዱንም ከኪስህ አትለየው፤ ለየትኛውም ሐኪም አሳየው። እኔ አስቀምጦኝ ነበር፤ አፍሬ ዝም አልኩ፤ ደም እስካይ ድረስ ዝም አልኩ። ይኸው ከአልጋ መነሣቴ ነው።»

 ኮሪደሩ ላይ የነበሩት ሁሉ ሰሟት፤ ማንም አልሳቀም።

ሰውየው ከሥር ቀና ብሎ አያት። «ሚስቴም ፊት?» አለ፣ በዚያ ግዙፍ ደረት ውስጥ ይኖራል በማይባል ቀጭን ድምፅ።

«በተለይ ሚስትህ ፊት።»

ሚስትየው ቦርሳውን መሬት ላይ አኖረችና እጁን ያዘችው።  ሰውየው ወደ ሲስተር ዞሮ፣ «ማታ ማታ ያስለኛል» አለ። «ከሲሚንቶው መስሎኝ ነው ያልነገርኩሽ።»

ሲስተር በእጇ የያዘችውን የመርፌ ትሪ ወደ ክፍሉ መለሰችው። «እንግዲያው መጀመሪያ ደረትህን እናያለን» አለች።

ሐር ዞር ስትል መሐንዲሱ ያያት ነበር። በመካከላቸው መስታወት አልነበረም። ወደፊት መርፌው ይመለስላት ይሆን፣ ሳንባዋ ላይ ያለው ነገር ምን ይሆን፣ ማንም አልነገራትም፤ እሷም አላወቀችም። አንድ ነገር ግን አወቀች። መሐንዲሱ እንደዚያ የሚያያት ቆንጆ ስለሆነች አልነበረም፣ ደፋር ሹፌር ስለሆነችም አልነበረም። የሰው ሁሉ ጆሮ ባለበት፣ ሊያሳፍራት የሚችለውን ነገር ለማታውቀው ሰው እንደ ስጦታ ስለሰጠች ነበር። ሐርም አልቀላችም፤ ዓይኗንም አልሰበረችም። ቀጥ ብላ ቆማ፣ በገዛ ራሷ ላይ በጸጥታ ኮራች።